አንድ ተጠቃሚ፣ ኮምቦልቻ

ኢክራም ሁሴን ባሏን የምታየው አርብ አርብ ነበር። ሰው ከጁምዓ ተመልሶ ወደየቤቱ ሲገባ በሯን ትዘጋለች፤ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ትከፍታለች፤ እስኪሞቅ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ኢምራን ይመጣል። ኢምራን ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ኮምፒውተሩ በዕድሜ ከትዳራቸው ቢያንስ በጥቂት ነው፤ ውስጡ ያለው፣ ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ከኮምፒውተሩም የባሰ ያረጀ ነው፤ ማራገቢያው ሲዞር ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። ኢክራም ጩኸቱን አትሰማውም፤ ንዝረቱን ግን በክንዷ ታውቀዋለች። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ ማለት ኢምራን እየመጣ ነው።

ባልና ሚስቱ ከልጅነታቸው መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የተዋወቁት ክር ፋብሪካው ውስጥ ነው። የሚሰሙት ሠራተኞች በማሽኑ ጩኸት መሀል ሲደናቆሩ፣ እነሱ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው እያወሩ ይሳሳቁ ነበር። የእጅ ስሟንም ያወጣላት ኢምራን ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሲጠራሩ ፊደል አይቆጥሩም፤ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይወጣለታል፤ ስሙ እሱ ነው። ኢክራም የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የቀለበት ጣቷን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት የማድረግ ልማድ ነበራት። ኢምራን ይህን አየና፣ የቀለበት ጣቱን በአውራ ጣቱ ሁለቴ አሽቶ እጁን ወደ ደረቱ መለሰው። በቃ፣ ስሟ ሆነ። መጀመሪያ ፋብሪካው፣ ኋላ ኮምቦልቻ ያለ መስማት የተሳነው ሁሉ በዚያ ጠራት።

ኢምራን ጡረታ ሲወጣ የአገሩን ምልክቶች በቪዲዮ ማስቀረት ጀመረ። አዲስ አበባ የማያውቋቸው፣ መጽሐፍ ላይ ያልገቡ፣ ከወሎ አዛውንቶች እጅ የተማራቸው ምልክቶች ነበሩ። ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ኢክራም ትቀርፀዋለች። ስለዚህ ቪዲዮው ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ቀና ብሎ ያያትና ስሟን ይጠራል፤ «ጀመርሽ?» ይላታል። አርብ አርብ የምታየው ይህን ነው። ተረቱንና ምልክቱን አንዳንዴ ሳትጨርሰው ትዘጋዋለች። ስሟን ግን ታያለች።

ጊዜው ሁለት ሺህ ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ዘመን ቪዲዮን እንዳለ የሚያስቀምጥ ሰው አልቀረም። ስልኩም ቴሌቪዥኑም ከተቀረፀው ውስጥ ፍሬ ፍሬውን ይይዝና ሌላውን ይጥላል፤ ሕዝቡ «ጭማቂ» ይለዋል። ማየት ሲፈለግ በውስጣቸው ያለው አዲሱ ካርድ ከጭማቂው ሰውየውን መልሶ ይሠራዋል። መብራት አይበላም፤ ቦታ አይፈጅም፤ ያምራል። ገበያ ላይ በስክሪን የሚታይ ቲማቲም ሁሉ ቀይ ነበር። ገዢ ቤቱ ደርሶ የበሰበሰ ሲያገኝ «ካርዱ ነው» ይላል እንጂ ከሻጭ ጋር አይጣላም። የጤና ጣቢያው ሐኪም በስክሪን «ምላስዎን ያውጡ» ይልና፣ አይቶ ሲያበቃ «ለማንኛውም በአካል ይምጡ» ይላል፤ በስክሪን የታመመ ምላስ ታይቶ አያውቅማ። ለቅሶ ቤት የሚታይ ሟች ጥርሱ ሙሉ፣ ፊቱ የበራ ነበር። በዚህ የተከፋ ሰው አልነበረም።

መስማት የተሳናቸው ግን የሚያወሩት በጣት ነው። ካርዱ የማያውቀው የጣት አቀማመጥ ሲያጋጥመው ወደሚያውቀው ይመልሰዋል። የሚያውቀው ደግሞ የትልልቁን ከተማ ምልክት ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰዎች በስክሪን ሲያወሩ ካርዱ የማያዛባውን ቃል መምረጥ ለመዱ። አንዱ ሌላውን በቪዲዮ ሲጠራው «ኧረ እንደ ስክሪን አውራ!» ይለዋል። ቆየት ሲል ቡና ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠውም እንደ ስክሪን ማውራት ያዙ። አዛውንቶቹ ይህን እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ኋላ እነሱም ይለምዱታል።

የኢክራም አሮጌ ካርድ ከዚህ ሁሉ በፊት የተሠራ ነው። መገመት አያውቅም። የተቀረፀውን እንዳለ ፈትቶ ያሳያል። ለዚህ ነው ብትሸጪውም የሚገዛሽ የለም እየተባለች ያልጣለችው።

ሐምሌ ላይ አንድ አርብ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ጠረጴዛው አልተንቀጠቀጠም። በዋዜማው ሲስተሙ ራሱን አድሶ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ፦ «ይህ ካርድ ከእንግዲህ ድጋፍ የለውም።» አጥፍታ ከፈተችው። ያው ነው። ገመዱን ነቅላ ሰካችው። ያው ነው። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ እንዳደረገች ብዙ ቆየች።

ሲሀም ቅዳሜ መጣች። የኢክራም አንድ ልጅ ናት፤ ትሰማለች፤ ደረቅ ወደቡ ላይ ትሠራለች፤ የእጅ ቋንቋን ከአፏ ቋንቋ በፊት ነው ያወቀችው።

«አብሽሪ እማ፣ ለዚህ ነው የተከፋሽው?» አለቻት በእጇ። «የአባባን ቪዲዮዎች የያዘውን ዲስክ ስጪኝ። ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን እናየዋለን። በዚያ በሚንቀጠቀጥ ቆርቆሮ ምን አስጨነቀሽ?»

ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ቴሌቪዥኑ የሆነ ነገር ጠየቀ። ሲሀም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ነካች። ትንሽ ቆየና ኢምራን ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ።

ሲሀም አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አባቷ እንዲህ አምሮ አያውቅም። ጢሙ ተበጥሯል። በግራ በኩል ወልቆ የነበረው ጥርሱ ቦታው ገብቷል። ወንበሩ ሳይቀር አዲስ መስሏል። ኢምራን ቀና አለና እጁን አነሳ። ሌባ ጣቱን በአውራ ጣቱ ሁለቴ አሸት አደረገ።

ሌባ ጣት በአውራ ጣት ሲታሽ በየትም አገር «ብር» ማለት ነው።

«ብር፣ ጀመርሽ?» አላት ባሏ።

ኢክራም ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ምነው?» አለች ሲሀም፣ እንባዋን እየጠረገች። «ያምራል እኮ!»

«ስሜን አልጠራም።»

«ጠራሽ እንጂ፤ አየሁት።»

«ብር ነው ያለኝ።»

ሲሀም መልሳ ከፈተችውና ቀረብ ብላ አየችው። እሷ እናቷን ዕድሜ ልኳን «እማ» እንጂ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ልዩነቱ እኮ አንድ ጣት ነው፣ እማ» አለች በመጨረሻ፣ ልታጽናናት።

«ስሜም እኮ አንድ ጣት ነው።»

ሰኞ ኢክራም ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ደሴ ወጣች። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እስኪጨርሱ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ይዛው ነበር። ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ያፌት የሚባል ወፍራም ጠጋኝ አለ፤ ሌሎች «ጣሉት» የሚሉትን የሚቀበል እሱ ነው። ያፌት ይሰማል፤ የእጅ ቋንቋ ግን አያውቅም። እሱ ሲናገር ቃሉ መነጽሯ ላይ ይጻፍላታል፤ እሷ የምትጽፈውን ደግሞ ስልኳ በአንዲት ኮረዳ ድምፅ ያነብለታል። ያፌት ይህችን ድምፅና ኢክራምን ለማገናኘት ሁሌም ትንሽ ይቸገራል።

ከፈተው፤ አቧራውን እፍ አለበት፤ ካርዱን አገላብጦ አየው።

«ካርዱ ደህና ነው፣ እማማ ኢክራም። የተነሳው ካርዱን የሚያናግረው ነው። ድራይቨሩ።»

«ማን አነሳው?»

«ማንም አይባልም። ክፍት ኮድ ነው። የሚጽፉት በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው፤ ደሞዝ የላቸውም። የሚጠቀምበት ሰው ከሌለ ይሰርዙታል፤ ለማን ብለው ይልፉ? ዓመት ሙሉ ለጥፈው ጠይቀዋል። ‹በዚህ ካርድ ቪዲዮ የሚያይ ሰው አለ?› ብለው። የመለሰ የለም።»

ኢክራም ቶሎ ብላ ጻፈች። «እኔ አለሁ» አለች ኮረዳዋ።

«እርስዎማ አሉ» አለ ያፌት። «መኖርዎን አላወቁማ። እንጻፍላቸው?»

ጻፉላቸው። መልሱ በማግስቱ መጣ። የጻፈው ቶማሽ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ፖላንድ ውስጥ ግዳንስክ በሚባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ይኖራል፤ ያንን ድራይቨር ለረጅም ዘመን ሲንከባከብ የኖረውም እሱ ነው። አስተርጓሚው ማሽን «አንቺ» እያለ ነበር የሚያመጣው፤ ኢክራም አልከፋትም። በእጅ ቋንቋም አንቱታ የለም።

«ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው እንዲመልስ ስጠብቅ ነበር» ይላል። «የት ነበርሽ?»

«ማስታወቂያው የት ነው የተለጠፈው?» አለች። ሰምታ የማታውቀውን ቦታ ነገራት። «ቀበሌያችን በር ላይ ቢለጠፍ አየው ነበር» ብላ መለሰችለት።

ቶማሽ ምን ልታይበት እንደምትፈልግ ጠየቃት። «ባሌ ስሜን የሚጠራው በቀለበት ጣቱ ነው» ብላ ጻፈች። «አዲሶቹ ካርዶች ጣቱን ይቀይሩታል።»

ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ «የሟች ባለቤቴ አፍንጫ ጠማማ ነበር። ልጆቼ ቤት በሄድኩ ቁጥር ቀጥ ብሎ አየዋለሁ። እነሱ አያስተውሉትም። እንሞክር።»

ክረምቱ እንዲያ ሄደ፤ በጋውም ገባ። ቶማሽ ከግዳንስክ ይልካል፤ ያፌት እሱ ዘንድ በቀረው ኮምፒውተሯ ላይ ይጭናል፤ ኢክራም ከኮምቦልቻ ወጥታ ታያለች። መጀመሪያ ያዩት ስክሪኑን የሞላ አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ ምስሉ እንደ ድሪቶ በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ መጣ። ከዚያ ተስተካከለና፣ ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ ከኋላው የእጁ ጥላ እየተከተለው ቀረ። ይህ ሲሆን ኢክራም ጻፈችለት፦ «አሁን ያለኸው እጅ የማይነበብበት ቦታ ነው። አንዱ ቃል ሳያልቅ ሌላው ይገባበታል።» ቶማሽ በዚህ ሙያ ያረጀ ቢሆንም እንዲህ ያለ ቅሬታ ደርሶት እንደማያውቅ፣ ይልቅስ ደስ እንዳለው መለሰ። ባልደረቦቹ «ለአንድ ካርድና ለአንዲት ሴትዮ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» እያሉት ነበር። እሱ ደግሞ «አንዲት ሴትዮ አለች» እያለ ይከራከርላታል። መሀል ላይ ሳንባው ታሞ ጠፋ፤ ተኝቶ ከርሞ ተመለሰና ካቆመበት ቀጠለ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚሞክሩት ቶማሽ በሚልከው ቪዲዮ ነበር። ያፌት የባሏን ዲስክ እንድታመጣ ሲጠይቃት «ቤቱ ሳይጠረግ እንግዳ አይጠራም» አለችው። ዲስኩ እንዳይሰበርባት ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ጥር ላይ ምስሉ ጠራ። ቶማሽ የላከው ቪዲዮ ላይ አንዲት ሴት በነፋስ ፀጉሯን እየያዘች በባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ዞር ብላ ትስቃለች። ቶማሽ ጠየቀ፦ «አፍንጫዋ ጠማማ ነው?»

«ጠማማ ነው» አለች ኢክራም። «ወደ ቀኝ።»

«ወደ ቀኝ» ብሎ መለሰ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ዲስኩን ይዛ ወጣች። አዲስ ሻሽ አስራ ነበር። ያፌት ወንበር ሰጣት፤ በሩን ገርበብ አደረገው፤ ዲስኩን ሰካ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ኢክራም ክንዷን ጣል አደረገችበት፤ ገና ምንም ሳታይ ፊቷ ፈካ።

ኢምራን መጣ። ጢሙ ተበጥሯል። ጥርሱ ሙሉ ነው። ወንበሩ አዲስ ነው። ቀና አለና ሌባ ጣቱን በአውራ ጣቱ ሁለቴ አሸት አደረገ።

«መጣ!» ብሎ ያፌት ከመቀመጫው ተነሳ። «እማማ፣ መጣ እኮ! አላልኩዎትም?»

ኢክራም እንዲደግምላት በእጇ አመለከተችው። ደገመላት። ሦስተኛም አየችው። ከዚያ ጻፈች። «ጥርሱ ለምን ሞላ?» አለች ኮረዳዋ በዚያ በሚያምር ድምፅዋ።

ያፌት አልገባውም። ወደ ፋይሉ ገብቶ ሲያይ ግን ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። ሌላውን ከፈተ። ሌላውንም ከፈተ።

«ይህ ዲስክ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ያውቃል?»

«አዎ» ስትል ራሷን ነቀነቀች።

«ሲሰካ ‹አሮጌ ፋይሎችን ላድሳቸው?› ብሎ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ በጭማቂ ይተካና ዋናውን ያጠፋዋል። ሐምሌ ላይ ነው የታደሱት። ሁሉም።» ስክሪኑን እንጂ እሷን ማየት አልቻለም።

«ካርዱስ?»

«ካርዱማ ልክ ነው፣ እማማ። የተሰጠውን ነው ያሳየዎት። አንድ ጣት አልቀየረም።»

ኮምቦልቻ ያለው የመስማት የተሳናቸው ማኅበር ጋ የኢምራን ቪዲዮዎች ቅጂ እንደነበረ ትዝ ያላት ስትመለስ መኪና ውስጥ ነው። ከመናኸሪያው ወደ ቤቷ ሳትሄድ ወደዚያ ዞረች። ሊቀ መንበሩ ቶፊቅ የክር ፋብሪካው ጓደኛቸው ነው፤ ከኢምራን ጋር በአንድ ፈረቃ ያረጀ፣ እሱም መስማት የተሳነው። በሩ ላይ ሆኖ ከሩቅ አያትና ደስ ብሎት እጁን ከፍ አደረገ። ሌባ ጣቱን በአውራ ጣቱ ሁለቴ አሸት አደረገና ወደ ደረቱ መለሰ።

ኢክራም ስለ ምን ብር እንደሚያወራ ልትጠይቀው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ገባትና ቆመች።

«ቶፊቅ፣ ማን አልከኝ?»

«ማን ልበልሽ? በስምሽ ነዋ።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ያኔ እሱም አየው። እጁን ዓይኑ ሥር አምጥቶ የሰው ዕቃ እንደያዘ አገላብጦ አየው። «ስክሪን ላይ እንደዚያ ካላልኩ…» ብሎ ጀመረና ተወው። በግራ እጁ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት አጥፎ ያዘና የቀለበት ጣቱን ወደ አውራ ጣቱ ሊያደርስ ሞከረ። ጣቱ ደርቋል፤ አልደረሰም።

ቅጂዎቹን ጠየቀችው። ታድሰዋል። ቦታ ጠቧቸው ካደሱት ቆይቷል፤ ያኔ ኢምራንም በሕይወት አልነበረም። ከወሎ አዛውንቶች እጅ የተሰበሰበው ሁሉ አሁን ጥርት ባለ የአዲስ አበባ ምልክት ይታያል፤ ልጆች እየተማሩበት ነው፤ በጣም ወደውታል። ቶፊቅ ይህን ሲነግራት በየቃሉ መሀል እጁን እያቆመ፣ የትኛው ጣት እንደሆነ እየፈራ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ሲሀም በር ላይ ጠበቀቻት። ምሳ ሠርታ ነው የጠበቀቻት።

«አየሽው?»

ኢክራም ነጠላዋን አወለቀች። ልጇን አየቻት። ሲሀም አባቷ ሲታመም አልጋው ሥር መሬት ላይ የተኛች ልጅ ናት። ያቺ «እሺ»ን የነካች ጣቷ አሁን ወጥ የነካ እጇ ላይ ናት፤ ለመናገር ተቻኩላ አልታጠበችም።

«አየሁት» አለች ኢክራም።

«እንደ ድሮው?»

«እንደ ድሮው።»

«ስምሽንስ?»

ኢክራም የቀለበት ጣቷን በአውራ ጣቷ ሁለቴ አሸት አደረገች። «እንዲህ አለኝ።»

ሲሀም አቀፈቻት። አልቅሳ ሳታበቃ ከእናቷ እቅፍ ፈንጠር ብላ፣ በእጇ «አርብ እኔም ደሴ አብሬሽ ልውጣ፤ እኔም ልየው» አለች።

«ተይ። የእኔና የሱ ነው።»

ልጅቷ ትንሽ ቅር አላት፤ ሳቅም አለች። «እሺ፣ አልገባባችሁም» ብላ ምሳውን ልታቀርብ ገባች። ኢክራም ሳሎኑ መሀል ቆማ ቀረች። ከዚህ በኋላ አርብ በመጣ ቁጥር ወደ ደሴ የምትወጣ መምሰል እንዳለባት ያኔ ነው የታሰባት።

ቶማሽ መልስ እየጠበቀ ነበር። «ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ልክ ነው? እንዳለ ነው የሚያሳየው?»

«የተሰጠውን እንዳለ ያሳያል» ብላ ጻፈችለት። ሌላውን አልነገረችውም። ሳንባው የታመመ ሽማግሌ ነው፤ ከክረምት እስከ ጥር ሠርቶላታል።

ድራይቨሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዳግም እንዳይሰረዝ፣ ከሥሩ የሚጠቀሙበት ሰዎች የሚኖሩበት ከተማ ተጻፈ። ግዳንስክ፣ አንድ። ኮምቦልቻ፣ አንድ። በየዓመቱ አንድ መልእክት ይመጣል፤ «አሁንም ይጠቀሙበታል?» ይላል። ያልመለሰ ይሰረዛል። ሁሉም ከተሰረዘ ኮዱ ይነሳል።

በሁለተኛው ዓመት ከቶማሽ ደብዳቤ ቀረ። በሦስተኛው ግዳንስክ ከሥሩ ጠፋ። ጥያቄው አሁን የማንም ስም የለውም፤ ማን እንደሚልከው ያፌትም አያውቅም።

«እማማ» አላት ዘንድሮ፣ መልእክቱን እያሳያት፤ «እርስዎ ጋ በካርዱ የሚታይ ቪዲዮ የለም። ለምን ይደክማሉ? ልተወው?»

ኢክራም ስልኳን አውጥታ ጻፈች። «አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ፣ ያልታደሰ ዲስክ ቢኖርስ?» አለች ኮረዳዋ። «አውጥቶ ሲሰካው ካርዱን የሚያናግረው ነገር ሊያጣ ነው?»

ያፌት ስክሪኑን ወደ እሷ ገፋላት።

«አዎ፣ እጠቀምበታለሁ» የሚለውን ነካች። ከዚያ ድራይቨሩ ሥር የተጻፈውን ወደ ታች ወረድ አድርጋ አየችው። ኮምቦልቻ፣ አንድ ይላል። ሌላ ከተማ አልተጨመረበትም።